ከገላባት ገበያ እስከ ጎርጎራ ዳርቻ፦ የአንዲት ጀልባ መሪ

ገላባትና መተማ በአንድ ደረቅ ወንዝ የተለያዩ፣ በአንድ ገበያ የተገናኙ ሁለት ከተሞች ናቸው። በበጋ ወራት ያ ወንዝ ወንዝ መሆኑን የሚያውቀው የአካባቢው ሰው ብቻ ነው። አሸዋና ጠጠር እንጂ ውሃ የለበትም፤ ፍየሎች እየነጠሩ ይሻገሩታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ክረምት በገባ ጊዜ ግን ከምሥራቅ ዝናብ ሲጥል ደፍርሶና ግንድ ተሸክሞ ይመጣል፤ በዚያን ጊዜ በወዲህ ማዶና በወዲያ ማዶ የቆመ ሰው እጅ ከመነሣሣት በቀር ሌላ መገናኛ የለውም።

የክፍላችን አባላት ይህን መልክዓ ምድር በዘብ ተራችሁ አሳምራችሁ ታውቁታላችሁ። ይህን ገጽ በሩቅ ሆነው ለሚያነቡ ባለቤቶቻችሁ ግን ጥቂት ማለት ተገቢ መስሎ ታይቶናል፤ ባሎቻችሁ በደብዳቤ የሚጽፉላችሁ ስለ ሙቀቱ ብቻ እንደ ሆነ እናውቃለንና። ሙቀቱስ እውነት ነው፤ በሚያዝያ ወር ከ40 ዲግሪ በላይ ሲሆን የመሣሪያ ብረት በባዶ እጅ አይያዝም። ነገር ግን ገላባት ሙቀት ብቻ አይደለችም። ከከተሞቹ ወጣ ሲሉ ቅጠሉን ያራገፈ የዕጣን ዛፍ በየኮረብታው ይታያል፤ ሜዳው የሰሊጥ፣ የማሽላና የጥጥ አገር ነው። በመከር ጊዜ ከደጋ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ ወደ ሁመራና ወደ መተማ እርሻዎች ብቻ ሳይሆን ድንበር ተሻግሮ እስከ ገዳሪፍ ይዘልቅ እንደ ነበር ሽማግሌዎች ያወሩታል። በገበያው ነጋዴው የዕቃውን ዋጋ በዓረብኛ ጀምሮ በአማርኛ ይጨርሰዋል፤ ገዢውም በአማርኛ ተከራክሮ በዓረብኛ ይመርቃል። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ከፈነዳ በኋላ በዚሁ መሻገሪያ በአሥር ሺሕ የሚቆጠር ሕዝብ ፍራሹን ተሸክሞ፣ ልጁን አዝሎ ወደ አገራችን ገብቷል። ያን ጊዜ የነበረውን ትዕይንት ያየ ሰው ገላባትን ገበያ ብቻ ብሎ አይጠራትም።

በዚህ ስፍራ ያለፈውን ታሪክ ሁሉ ብንዘረዝር ገጹ አይበቃንም፤ ሁለቱን ብቻ እናነሣለን። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ መተማ ላይ ከመሐዲስቶች ጋር በተዋጉ ጊዜ ሠራዊታቸው ምሽጉን ጥሶ ድሉ ተቃርቦ ሳለ ንጉሠ ነገሥቱ በጥይት ተመቱ፤ ወሬው እንደ ተሰማም ያ ሁሉ ጦር ተበተነ። አማርኛችን የጦርን አለቃና በጀልባ ኋላ የሚንጠለጠለውን መዞሪያ በአንድ ቃል «መሪ» ብሎ ይጠራል። ይህን ስያሜ ያወጣው ሰው መተማን ባያይ እንኳ ነገሩ ገብቶት ነበር ማለት ነው። ሁለተኛው ታሪክ የጥቅምት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። በኋላ ፊልድ ማርሻል ለመሆን የበቃው ብሪጋዴር ዊልያም ስሊም 10ኛውን የህንድ ብርጌድ ይዞ ጣልያን የያዘውን የገላባት ምሽግ አጠቃና ወሰደ። ወደ መተማ ግን ሊሻገር አልቻለም። ይዟቸው ከመጣው 12 ታንኮች አብዛኞቹ በፈንጂና በዚህ አገር ድንጋይ ሰንሰለታቸው እየተበጠሰ ቆመውበት ነበርና። የታንክን ጉልበት የምታስቀረው በሰንሰለቱ መገጣጠሚያ ላይ ያለች አንዲት ዘንግ መሆኗን የብረት ለበስ ባልደረቦቻችን ከእኛ ይልቅ ያውቁታል።

አሁን ወደ ውሃው እንመለስ፤ ጽሑፋችን ስለ ውሃ ነውና። የመተማ ምድር ጎርፍ የሚገባው ወደ ጓንግ ነው። ጓንግ ከጭልጋ አካባቢ፣ ከጣና ሐይቅ በስተሰሜን ካሉት ከፍታዎች ይነሣል፤ ሱዳን ሲገባ አትባራ ይባላል፤ አንገረብንና ተከዜን ጨምሮ ከዓባይ ጋር ይቀላቀላል። በከፍታው ወዲያኛው ጎን የወረደው ዝናብ ደግሞ ወደ ጣና ይገባና በዓባይ በኩል ዞሮ፣ ጎጃምን ከብቦ፣ በካርቱም አልፎ፣ አትባራ ከተማ ላይ ከጓንግ ውሃ ጋር ይገናኛል። በአንድ ተራራ ጀርባ ላይ ጎን ለጎን የወደቁ ሁለት ጠብታዎች ዳግመኛ እስኪተያዩ ድረስ አንደኛው የሚዞረው መንገድ ይህን ያህል ነው።

እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር ከባለቤቱ ከፍሎረንስ ጋር አትባራን ተከትሎ በተጓዘበት በ1853 ዓ.ም. በሰኔ ወር፣ ማታ ደረቅ አሸዋ የነበረው ወንዝ በአንድ ሌሊት ሞልቶ አድሮ አግኝቶታል። ጎርፉ የመጣው እንደ ነጎድጓድ እየጮኸ ነው። በኋላም ወንዙን መሻገር ግድ ሲሆንባቸው የተነፉ ስልቻዎች ከአልጋ ጋር አስረው፣ በላዩ ላይ የገላ መታጠቢያ ገንዳቸውን አስቀምጠው፣ ዋናተኞች እየገተቱ አሻገሯቸው። ባልና ሚስቱ በማግስቱ ዓመት ገላባትንም አይተዋታል። ባሏን ተከትላ በረሃ ስለ መውረድ የምታጉረመርም የወታደር ሚስት ብትኖር፣ ፍሎረንስ ቤከር ያን ወንዝ በገላ መታጠቢያ ገንዳ ተሻግራለች ብንላት ትስቅ ይሆናል እንጂ አትጽናናም። ለእኛ ግን ቁም ነገሩ ሌላ ነው። ያ ታንኳ መሪ አልነበረውም፤ መሪው የዋናተኞቹ ክንድ ነበር። በገላባት ዙሪያ ባለው ውሃ የመሪ ነገር የማይነሣውም ስለዚህ ነው፤ ወንዙ ወይ የለም፣ ወይ ከሰው ጉልበት በላይ ነው። መሪ የሚያስፈልገው ከተራራው ወዲያ ማዶ፣ በጣና ነው።

ወደዚያ የወሰደን ጉዳይ የሚከተለው ነው። በክፍላችን ያለ አንድ ሃምሳ አለቃ ከጎርጎራ ከአባቱ ደብዳቤ ደረሰው። አባትየው በወጣትነታቸው ምጽዋ ላይ በባሕር ኃይል ያገለገሉ፣ ከዚያም በኋላ በጣና ዳር የሰፈሩ ሰው ናቸው፤ በሸራ የምትሄድ አንዲት ትንሽ ጀልባ አለቻቸው። ሴት ልጃቸው የተዳረችው ከጎርጎራ ራቅ ባለ የሐይቅ ዳር መንደር ነው። ወሯ ገብቷል። ሰኔ ሲጀምር የደምቢያ ጥቁር አፈር መኪናም በቅሎም አያሳልፍምና እናትየው ልጃቸውን ጤና ጣቢያ አጠገብ ለማምጣት ያሰቡት በጀልባዋ ነበር። «ነገር ግን መሪዋ ላልቷል፤ ነፋስ ሲነሣ ይንቀጠቀጣል፤ እዚህ የሚሸጠው ቡሎን ሁሉ በወሩ ይዝጋል። ገላባት ገበያ የማይዝግ አይጠፋምና ፈልገህ ላክ» ይላል ደብዳቤው፤ ከሥሩም የዕቃው ዝርዝር በጥንቃቄ ተጽፏል። ሃምሳ አለቃው ከግዳጁ መነሣት የማይችልበት ጊዜ ነበር፤ እኛ ደግሞ የዓመት ፈቃዳችን ደርሶ ወደ ጎንደር ልንወጣ ነበርና ዕቃውን ለማድረስ ተቀበልን።

በገበያው የመለዋወጫ ነጋዴዎች ረድፍ አለ፤ ዕቃቸው በብዛት በገዳሪፍ በኩል የገባ የከባድ መኪናና የትራክተር ዕቃ ነው። ዝርዝሩን ለአንደኛው ስናሳየው መሪ የምትለዋን ቃል ሰማና፣

«የምን መኪና መሪ ነው፣ መቶ አለቃ?» አለን።

«የጀልባ ነው።»

ወደ ደረቁ ወንዝ አሻግሮ አየና፣ «ታዲያ ምን ያስቸኩላችኋል? ውሃው እስኪመጣ ድረስ ታደርሳላችሁ» ብሎ ረድፉን ሁሉ አሳቀብን። ሆኖም ሳይሰለች ፈለገልን። ባለ 8 ሚሊ ሜትር የማይዝጉ 8 ቡሎኖች፣ መቆለፊያ ያላቸው ዳዶዎች፣ ሰፋ ያሉ ሮንዴላዎች፣ ከአሮጌ የትራክተር ዕቃ የወጣች ጋራዦች ቡሽንግ የሚሏት የነሐስ ቀለበት፣ አንድ ክንድ ካላማዳሪያ፣ ሁለት ቱቦው ተደባልቆ የሚደርቅ ማጣበቂያ ሰጠን። ዋጋውንም ስለ ልጅቱ ሲሰማ ቀነሰ።

መንገዱን በአጭሩ እንለፈው። ከመተማ በኮኪትና በገንዳ ውሃ አድርጎ፣ በነጋዴ ባሕር አልፎ፣ ወደ አይከል ሲወጣ ሰው ልብሱን እየጨመረ ይሄዳል። ከ1000 ሜትር በታች ከሆነው ቆላ ተነሥቶ በአንድ ቀን ውስጥ ጋቢ ወደሚያስፈልግበት ደጋ ይገባል። ከአዘዞ ወደ ደቡብ ታጥፎ በቆላ ድባና በጭዋሂት በኩል የደምቢያን ሜዳ ሲያቋርጡ፣ ሜዳው እንደ ታረሰ ባሕር ጥቁር ሆኖ ይታያል፤ መጨረሻው ላይ ውሃው ብልጭ ይላል።

ጎርጎራ የጣና ሰሜናዊ ወደብ ናት። ደብረ ሲና ማርያም እዚያ ናት፤ ጣልያኖች በወረራው ዘመን ያቆሙት ግንብም ከኮረብታው ላይ እስካሁን ሐይቁን ቁልቁል ያያል። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ የሚገኝ፣ በአገራችን ከሁሉ የሰፋ ሐይቅ ሲሆን ጥልቀቱ ግን ትንሽ ነው፤ ጥልቅ የተባለው ስፍራ እንኳ 15 ሜትር ቢደርስ ነው። ይህ ለማያውቅ ሰው የሚያጽናና ይመስላል። ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ ነፋስ የሚያስነሣው ማዕበል አጭርና ቀጥ ያለ፣ ተከታትሎ የሚመጣ ነው፤ ለትንሽ ጀልባ ዕረፍት አይሰጥም። ማለዳ መስታወት የመሰለው ሐይቅ ከሰዓት በኋላ ይታወካል። ባለ ታንኳዎች ጉዟቸውን ከቀትር በፊት የሚጨርሱት በዚህ ምክንያት ነው።

የደንገል ታንኳ ከጀልባዋ አጠገብ ተደግፎ ቆሞ አይተናል። ደንገሉ ውሃ እንዳይጠጣ ከያንዳንዱ ጉዞ በኋላ ቆሞ ይደርቃል። መሪ የለውም፤ ቀዛፊው በቀርከሃው ራሱ ይመራዋል፤ ስለዚህ የሚላላ መገጣጠሚያም የለውም። ይኸው የጣና ደንገል በዓለም ዙሪያ ስሙ የተሰማበት ጊዜ ነበር። ኖርዌጂያዊው ቶር ሄየርዳል በ1961 ዓ.ም. ከጣና የታጨደ ደንገል ወደ ግብፅ አስጭኖ «ራ» የተባለችውን ጀልባ አሠራ፤ ከዚያም ሰባት ሰዎች ሆነው ከሞሮኮ የሳፊ ወደብ ተነሥተው ወደ አሜሪካ በአትላንቲክ ላይ ወጡ። ብዙ ሊቃውንት ደንገሉ በሁለት ሳምንት ይሰጥማል ብለው ነበር። መጀመሪያ የከዳቸው ግን ደንገሉ አይደለም፤ ጉዞው ገና እንደ ተጀመረ የተሰበሩት ከእንጨት የተሠሩት የመሪ መቅዘፊያዎች ናቸው። እነርሱን እየጠገኑ 5000 ኪሎ ሜትር ያህል ሄደው፣ ባርቤዶስ ሳይደርሱ ጀልባዋን ለቀቁ። በሁለተኛዋ «ራ» በማግስቱ ዓመት በ57 ቀን ተሻግረዋል።

ሽማግሌውን ያገኘናቸው ከውሃው በወጣችው ጀልባ ጥላ ሥር ተቀምጠው ነው። ዕቃውን አንድ በአንድ እያገላበጡ አዩና ሳይናገሩ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ በባሕር ኃይል ሰው ዘንድ ይህ ምስጋና መሆኑን በኋላ ተረዳን። ባለቤታቸው ግን ከቡናው አስቀድመው ክሳቸውን አቀረቡ።

«ልጆቼ፣ እናንተ ፍረዱ። ከፋሲካ ጀምሮ መሪው ይንቀጠቀጣል እላቸዋለሁ፤ እሳቸው እጅሽ ነው የሚንቀጠቀጠው ይሉኛል።»

ለካ ሽማግሌው ሸራውን ሲይዙ የመሪውን እጀታ የሚይዙት እማማ ናቸው። ሽማግሌው ሳቅ ብለው፣ «ነፋሱ ነው ብዬሽ ነበር እንጂ እጅሽ አላልኩም» አሉ። ያም ሆነ ይህ ነገሩ በክርክር ሳይሆን በምርመራ ተፈታ። የምርመራውም ዘዴ በመኪናም፣ በበርም፣ በወፍጮም ላይ የሚሠራ ስለሆነ ዘርዘር አድርገን ማቅረቡን መርጠናል።

እማማ እጀታውን መካከል ላይ ይዘው ፈጽሞ እንዳያንቀሳቅሱት ተደረገ። ሽማግሌው ተንበርክከው የመሪውን ሳንቃ የታች ጫፍ በሁለት እጃቸው ይዘው ቀስ ብለው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ገፉት። ጫፉ ተላወሰ። እኛ ደግሞ ዐይናችንን ከላይ ጀምረን ወደ ታች እንድናወርድና እንቅስቃሴው የሚጀምርበትን ቦታ እንድንነግራቸው ታዘዝን። እጀታው ከመሪው ራስ ጋር የተያያዘበት ጠንካራ ነበር። ላይኛው ማጠፊያ ደኅና ነው። ወደ ታችኛው ስንደርስ ግን ዘንጉ በቀለበቱ ውስጥ ሲንገጫገጭ በግልጽ ታየን፤ ቀለበቱ ከመፈጋቱ የተነሣ ክብነቱን ትቶ እንቁላል መስሏል። ሽማግሌው በዚህ አልረኩም። «አሁን ደግሞ ቀለበቱ የታሰረበትን ሳንቃ ተመልከቱ» አሉን። እውነትም ቀለበቱን ከጀልባዋ ኋላ ጋር የያዙት ቡሎኖች ራሳቸው በእያንዳንዱ ግፊት ገባ ወጣ ይላሉ፤ በአንደኛው ዙሪያ እንጨቱ ጠቁሮ በጥፍር ሲጫኑት ይረግባል። ከቀለበቱ ውስጥም ንቅናቄውን ለማቆም ተብሎ የተጠቀጠቀ የቆርቆሮ ቁራጭና ጨርቅ ወጣ። ያን ማን እንደ ጠቀጠቀው እማማ በዐይናቸው ነገሩን።

ሽማግሌው በአሸዋው ላይ በጣታቸው እየጻፉ ያስረዱንን ስሌት እዚህ ላይ እንጨምረው። በላይኛውና በታችኛው ማጠፊያ መካከል 25 ሳንቲ ሜትር አለ፤ ከላይኛው ማጠፊያ እስከ ሳንቃው ጫፍ ደግሞ 75 ሳንቲ ሜትር። በታችኛው ቀለበት ውስጥ 2 ሚሊ ሜትር ክፍተት ቢኖር፣ ከውሃ በታች ያለው ጫፍ 6 ሚሊ ሜትር ይወዛወዛል። እያንዳንዱ መወዛወዝ እንደ ትንሽ መዶሻ ቀለበቱን ይመታል፤ ቀለበቱ ይሰፋል፤ ሲሰፋ መዶሻው ይከብዳል። ቆርቆሮና ጨርቅ መጠቅጠቅ ድምፁን ያጠፋል እንጂ መዶሻውን አያቆምም። ከሁሉ የሚከፋውም ጊዜው ነው። በሸራ የምትሄድ ጀልባ ነፋስ ሲበረታባት አፍንጫዋን ወደ ነፋሱ ለማዞር ትታገላለች፤ የሚከለክላት መሪው ነው። ስለዚህ ማጠፊያው ከፍ ያለ ጭነት የሚወድቅበት ልክ ማዕበል በተነሣበት፣ ሰው ሁሉ እርሱን በሚፈልግበት ሰዓት ነው። መሪው ያን ጊዜ ቢወልቅ ጀልባዋ ጎኗን ለማዕበል ሰጥታ ትቆማለች። ይህን ሲናገሩ ሽማግሌው ወደ ባለቤታቸው አላዩም፤ እማማም ቡናውን ማቁላታቸውን ለጥቂት ጊዜ አቆሙ።

ሥራው ሦስት ቀን ወሰደ፤ አብዛኛው ቀን የሄደው በመጠበቅ ነው። መሪው ወልቆ፣ ቀለበቱ ተፈትቶ፣ የረገበው እንጨት እስከ ጤነኛው ድረስ ተፍቆ በፀሐይ እንዲደርቅ ተደረገ። ርጥብ እንጨት ላይ ማጣበቂያ አይዝም፤ የሰኔ ፀሐይ ደግሞ ቆጣቢ ናት፤ ደመና በመጣ ቁጥር ጀልባዋን በሸራዋ አለበስናት። በሁለተኛው ቀን የተፈቀደው ቀዳዳ በትራፓኖ ሰፋ ተደርጎ ከወይራ የተጠረበ ሽብልቅ በማጣበቂያ ተመታበት። ወይራው ደርቆ ከሳንቃው ጋር አንድ አካል ሲሆን፣ በሦስተኛው ቀን እንደ ገና በልኩ ተበሳ። ከጀልባዋ ውስጥ በኩል ሌላ የወይራ ቁራጭ ሳንቃ ተደርጎ ቡሎኑ ሁለቱንም አልፎ እንዲወጣ ሆነ። ከዚህ በፊት ጭነቱን የተሸከመው በዳዶው ሥር ያለ የጥፍር ያህል እንጨት ነበር፤ አሁን ግን መዳፍ የሚያህል ተሸከመው። በቀለበቱ ሰሌዳና በጀልባዋ መካከል ውሃ እንዳይገባ ካላማዳሪያው በልኩ ተቆርጦ ገባ።

የተፈጋው ቀለበት አልተጣለም። በሞረድ ክብ እስኪሆን ድረስ ተስተካከለና የትራክተሯ ነሐስ ተመትታ ገባችበት። ዘንጉ በብርጭቆ ወረቀት ታሽቶ ጥቂት ግራሶ ተቀባ። ከዚያም ሽማግሌው ከኪሳቸው ቱንቢ አወጡ፤ ክሩን በላይኛው ቀለበት መካከል አሳልፈው እስከ ታችኛው ለቀቁት። ሁለቱ ቀለበቶች በአንድ መስመር ላይ ካልሆኑ አዲሱ ነሐስ በአንድ ወገን ብቻ ተፈግቶ በአንድ ክረምት ያልቃል። አንዲት ቀጭን ሮንዴላ ከታችኛው ሰሌዳ ሥር ሲገባ መስመሩ ተስተካከለ። በመጨረሻም መሪው ከውሃ ግፊት የተነሣ ወደ ላይ ተነሥቶ እንዳይወልቅ በዘንጉ ጫፍ ኮፒሊያ ተደረገለት።

ዳዶውን ማጥበቅ ሲጀመር እኛ ጉልበታችንን ለማሳየት ቁልፉን ተቀበልን። ሽማግሌው እያንዳንዱን ሩብ ዙር ብቻ፣ ተራ በተራ እንድናዞር አደረጉን። «ይበቃል» ባሉን ጊዜ መሪው ይበልጥ ቢጠብቅ የሚሻል መስሎን ጠየቅናቸው። እጀታውን በሁለት ጣታቸው ይዘው ከዳር እስከ ዳር አዞሩት፤ ሳይንገጫገጭ፣ ሳይተናነቅም ዞረ። «የጠበቀ መሪ የውሃውን ነገር አይነግራችሁም። የላላ ይዋሻል፤ የጠበቀ ዝም ይላል» አሉን።

መሪዋ ወደ ላይና ወደ ታች የምትታጠፍ ጀልባ ያላቸው አንባቢያን ቢኖሩ፣ በእነዚያ ላይ ሳንቃው በሁለት ጉንጮች መካከል ስለሚቀመጥ ንቅናቄው ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከዚያ ነው፤ በጉንጩና በሳንቃው መካከል በሁለቱም ወገን ሰፊ ሮንዴላ ማስገባት ብዙውን ጊዜ ይበቃዋል።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሌሎቹ ታንኳቸውን ሲያወጡ እኛ ጀልባዋን አስገባን። ሽማግሌው ሆን ብለው የመረጡት ሰዓት ነው፤ ጤነኛ ሰው በተሳፈረበት፣ ዳርቻውም ሳይርቅ፣ ነፋሱ ይፈትናት አሉ። ሸራው ተወጠረ፤ ጀልባዋ ዘመም አለች፤ ከፊታችን ያለው ማዕበል ነጭ አፉን ከፈተ። እማማ ነጠላቸውን አደግድገው እጀታውን በብብታቸው ሥር ይዘዋል። ሦስት ጊዜ ወደ ነፋሱ፣ ሦስት ጊዜ ከነፋሱ ጋር አዞሯት። እኛ የምናየው ማዕበሉን ነበር፤ ሽማግሌው ግን የሚያዩት የባለቤታቸውን እጅ ነው።

«እንዴት ነው?» አሏቸው።

«እንደ ድሮው ነው» አሉ እማማ። ቆይተው ደግሞ፣ «ነፋሱ ተሻለው መሰለኝ» ብለው ጨመሩ፤ ሽማግሌውም ተሸንፈው ሳቁ።

በማግስቱ ገና ሳይነጋ ባልና ሚስቱ ብቻቸውን ተነሡ፤ በመመለሻው የሚሳፈሩት ሦስት ስለሆኑ ለእኛ ስፍራ አልነበረም። ሐይቁ እንደ ዘይት ተኝቶ ነበር። ሸራው ከደንገሉ ባሻገር ለረጅም ጊዜ ሳይንቀሳቀስ ከቆመ በኋላ ብርሃን ሲመጣ ትንሽ ነፋስ አግኝቶ ሄደ። እኛ በዳርቻው ሆነን እስከ አምስት ሰዓት ድረስ ጠበቅን። ከዚያ በኋላ ውሃው መሸብሸብ ጀመረ፤ ባለ ታንኳዎቹም ወደ ሰማይ ማየት ጀመሩ። ስድስት ሰዓት ሊሞላ ሩብ ሲቀረው ሸራው በምዕራብ በኩል ታየ፤ ዘመም ብሎ ፈጥኖ ይመጣ ነበር፤ መስመሩም አልተንጋደደም።

ልጅቱ በእናቷ ትከሻ ተደግፋ ወረደች። ፊቷ በድካም ገርጥቶ ነበር፤ ነገር ግን ስለ ወንድሟ ደኅንነት ጠየቀችንና ሁሉንም እንደምንነግረው ቃል አስገባችን። ጤና ጣቢያው ቅርብ ነው፤ ቀስ ብለው ዳገቱን ወጡ፤ የሠፈሩ ሴቶችም እየተቀበሉ ጓዟን ያዙላት። ሽማግሌው ግን ከጀልባዋ ርቀው አልሄዱም። ከውሃው ጎትተን ካወጣንላቸው በኋላ ቁልፋቸውን ይዘው ተንበረከኩ፤ ከታችኛው ዳዶ ጀምረውም አንድ በአንድ ይነካኩ ጀመር።